በሞንቲቼሎ ስላለው ብልኀተኛ ቤት

ቤት መሥራትና ቤት ማደራጀት ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ግንበኛው ግንቡን አቁሞ፥ አናጢውም ጣራውን አዋቅሮ ከሄዱ በኋላ፥ በውስጡ የሚኖረው ሰው የት እንደሚተኛ፥ እንግዳውን በየት እንደሚያስገባ፥ ውሃው ከየት እንደሚቀዳ፥ ወጡም ሳይበርድ ከማድ ቤት ወደ ገበታ እንዴት እንደሚደርስ ገና ማሰብ ይቀረዋል። በዚህ ዓምድ አዘውትረን የምንጽፈው ስለዚሁ ስለ ሁለተኛው ሙያ ነው። ዛሬም ሁለቱን ሙያዎች በአንድነት ለመያዝ ዕድሜውን ሙሉ ስለ ደከመ፥ ለብልኀት ዕቃም ልክ የሌለው ፍቅር ስለ ነበረው ስለ አንድ የባሕር ማዶ ሰው ለአንባቢዎቻችን ልንነግር አስበናል።

ይህ ሰው ቶማስ ጀፈርሰን ነው። አንባቢዎቻችን ስሙን የሚያውቁት በ1776 የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ በመጻፉና ከ1801 እስከ 1809 የአሜሪካ 3ኛ ፕሬዚዳንት በመሆኑ ይሆናል። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።) እኛ ግን ዛሬ የምንፈልገው ባለ ሥልጣኑን ሳይሆን ባለ ቤቱን ነው። በቨርጂኒያ፥ ከሻርሎትስቪል ከተማ አጠገብ ባለ አንድ ኮረብታ ራስ ላይ በ1769 ቤት መሥራት ጀመረ፤ ስሙንም በኢጣልያ ቋንቋ «ሞንቲቼሎ» አለው፤ ትርጓሜውም ትንሽ ተራራ ማለት ነው። ከ1784 እስከ 1789 በፓሪስ የአገሩ መልእክተኛ ሆኖ ተቀምጦ የፈረንሳይን መኳንንት የቤት አሠራር ካየ በኋላ ግን የገዛ ቤቱ አላስደሰተውም። ስለዚህ ከ1796 ጀምሮ ብዙውን ክፍል አፍርሶ እንደ ገና አሠራው፤ በላዩም ጕልላት አቆመበት። ሥራው በብዛት የተፈጸመው በ1809 ነው፤ ይኸውም ከመጀመሪያው ድንጋይ እስከዚያ ድረስ 40 ዓመት መሆኑ ነው። ቤተ ሰቡ በመዶሻ ድምፅና በሸክላ ትቢያ መካከል ስንት ክረምትና ስንት በጋ እንዳሳለፈ አንባቢ ይገምተው።

ወደ ቤቱ የሚገባ እንግዳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ታላቁን ሰዓት ነው። ሰዓቱ ከዋናው በር በላይ በግንቡ ውስጥ ተተክሏል፤ ሁለት ፊትም አለው፤ አንዱ ወደ ውስጥ ወደ እልፍኙ፥ ሁለተኛው ወደ ውጭ ወደ ደጁ ይመለከታል። አሳቡን ያወጣው ጀፈርሰን ራሱ ነው፤ የሠራው ግን በፊላደልፊያ የነበረ ሰዓት ሠሪ ነው። ሰዓቱን የሚያንቀሳቅሱት በገመድ የተንጠለጠሉ የመድፍ አረሮች ናቸው። አረሮቹ በእልፍኙ ማዕዘን ከላይ ወደ ታች ቀስ እያሉ በሰባት ቀን ይወርዳሉ፤ በአንደኛው ግንብ ላይ የቀኖቹ ስም ስለ ተጻፈ፥ አረሩ የደረሰበትን የተመለከተ ሰው ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ዕለቱንም ያውቃል። ነገር ግን የግንቡ ቁመት ለሰባቱ ቀን አልበቃም። ጀፈርሰን በዚህ አልተጨነቀም፤ ወለሉን አስበሳና አረሩ ወደ ምድር ቤቱ እንዲወርድ አደረገ፤ ስለዚህ በዚያ ቤት ቅዳሜ የሚገኘው ከወለል በታች ነው። ሰዓቱ በየእሑዱ ይሞላል፤ ለዚህም የሚያገለግለው መሰላል እግሮቹ ገጥመው እንደ አንድ ወፍራም በትር የሚታጠፍ ነው። በጣራው ላይ ደግሞ ከቻይና የመጣ የነሐስ ደወል ሰዓቱን እየመታ እስከ ሩቁ እርሻ ድረስ ያሰማል።

ወደ ውስጥ የሚያየው የሰዓቱ ፊት ሰዓትም፥ ደቂቃም፥ ሴኮንድም ይቈጥራል። ወደ ውጭ የሚያየው ግን አንድ ዘንግ ብቻ ነው ያለው፤ ሰዓት እንጂ ደቂቃ አይቈጥርም። ጀፈርሰን በውጭ ለሚሠሩት ሰዎች ይህ ይበቃቸዋል ብሎ ነው። አንባቢ ይህን ነገር በልቡ ይያዝልን።

ከእልፍኙ ወደ እንግዳ መቀበያው ክፍል የሚያስገባው ባለ ሁለት መዝጊያ የመስተዋት በር ነው። ከሁለቱ አንዱን መዝጊያ ቢገፉት ሁለተኛው ማንም ሳይነካው አብሮ ይከፈታል፤ ምክንያቱም ከወለሉ በታች በተሰወሩ መዘውሮች ላይ የተጠመጠመ ሰንሰለት ሁለቱን ያገናኛቸዋል። በደጀ ሰላሙ ጣራ ላይ ያለው የነፋስ አመልካች ደግሞ ከታች ካለው ዘንግ ጋር ስለ ተያያዘ፥ ነፋስ ከየት እንደሚነፍስ ለማወቅ ዝናብ ላይ መውጣት አያስፈልግም፤ በደጀ ሰላሙ ቆሞ ቀና ማለት ይበቃል። ብርሃን ከላይ እንዲገባ በጣራው ላይ የመስተዋት መስኮቶች ተበጅተዋል። በሰሜን በኩል ያለው የሻይ ክፍል ብርድ ስለሚበዛበት በተንሸራታች የመስተዋት በሮች ከመመገቢያው ክፍል ይለያል። አልጋውም በመኝታ ቤቱና በመጻፊያ ቤቱ መካከል በግንቡ ውስጥ በተተወ ስፍራ ገብቷል፤ በአንድ ወገን የወረደ ወደ ልብሱ፥ በሌላው ወገን የወረደ ወደ መጽሐፉ ይሄዳል። ከአልጋው በላይ ያለውም ባዶ ስፍራ የልብስ ማኖሪያ ሆኗል።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ያስቀናን የመጻፊያው ክፍል ነው። ጀፈርሰን የሚቀመጥበት ወንበር ተሽከርካሪ ነበር። በአጠገቡ አምስት መጻሕፍት በአንድ ጊዜ ገልጦ የሚይዝ፥ በእጅ ሲነኩት የሚዞር አትሮንስ ነበር። በጠረጴዛውም ላይ «ፖሊግራፍ» የሚባለው መኪና ተቀምጦ ነበር፤ ይኸውም በእንጨት ክንዶች የተያያዙ ሁለት ብዕሮች ያሉት ነው፤ ጸሓፊው አንዱን ብዕር ይዞ በአንዱ ወረቀት ላይ ሲጽፍ፥ ሁለተኛው ብዕር ያንኑ ቃል በዚያው ቅጽበት በሁለተኛው ወረቀት ላይ ይጽፋል። ጀፈርሰን ከ1804 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ከዚህ መኪና አልተለየም። በዘመኑ 19,000 ያህል ደብዳቤዎች እንደ ጻፈ ይቈጠራል፤ የብዙዎቹም ግልባጭ ስለ ተቀመጠ ታሪክ ጸሓፊዎች የልቡን አሳብ ዛሬ ሊመረምሩ ችለዋል። ከወጣትነታችን ጀምሮ ደብዳቤ በመገልበጥ ጣታችን የጐበጠ እኛ ጸሓፊዎች ስለዚህ መኪና ስናነብ ዝም ብለን ለማለፍ አልቻልንም።

ይሁን እንጂ ብዙ ሰዎች እንደሚሉት ይህን ሁሉ ጀፈርሰን ፈለሰፈው ማለት አይደለም። ፖሊግራፉን ያወጣው ጆን አይዛክ ሆኪንስ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። የጀፈርሰን ሙያ ከየትም ያየውን መልካም ነገር መውሰድ፥ ለገዛ ቤቱ እንዲስማማ ማስተካከልና መለካት ነበር። ማካሮኒ የሚሠራበትን መኪና እንኳ ከኢጣልያ አስፈልጎ ነበር። የራሱ ነው ልንለው የሚገባን አንድ ሥራ አፈሩን የሚገለብጠው የማረሻ ክንፍ ነው፤ ይህንንም በጂኦሜትሪ ሕግ አስልቶ፥ አፈሩን በትንሽ ድካም እንዲገለብጥ አድርጎ ቀረጸው፤ ስለዚሁም ሥራ ከፈረንሳይ የእርሻ ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ። ከ1790 ጀምሮ የሌሎችን ፈልሳፊዎች መብት ከሚመረምሩት ሹማምንት አንዱ ሆኖ ሳለ ለገዛ ማረሻው መብት አልጠየቀም፤ ገበሬ ሁሉ በነጻ እንዲሠራበት ተወው። ይህ ምስጋና የሚገባው ነገር ነው።

ስለ ደረጃው ግን ልናመሰግነው አንችልም። ታላቅ ደረጃ ቦታና ገንዘብ ይፈጃል የሚል አሳብ ስለ ነበረው፥ ወደ ላይኛው ደርብ የሚወጡትን ሁለት ደረጃዎች ስፋታቸውን 60 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ፥ አወጣጣቸውንም እንደ መሰላል ቀጥ ያለ አደረጋቸው። የእርሱ መኝታ ከታች ነበር። ሻማ ይዛ፥ ቀሚሷን ሰብስባ፥ ሕፃን ታቅፋ ወደ ላይ የምትወጣው ልጁ ማርታና ልጆቿ ነበሩ፤ ሣጥንና የማገዶ እንጨት ተሸክመው የሚወጡት ደግሞ ባሮቹ ናቸው። የውሃውም ነገር እንዲሁ ነው። ቤቱ በኮረብታ ራስ ላይ ስለ ተሠራ አየሩ ደስ ያሰኛል፥ የሚታየውም አገር ሰፊ ነው፤ ውሃ ግን ወደ ላይ አይፈስም። በ1769 የተቈፈረው 20 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጕድጓድ ብዙ ጊዜ ይደርቅ ነበርና ውሃ ከታች ካሉት ምንጮች በበርሜል እየተጫነ ይወጣ ነበር። ቈይቶ የጣራውን ዝናብ የሚያጠራቅሙ አራት ጕድጓዶች አሠራ፤ እነዚህም ውሃ እያሾለኩ ለረጅም ጊዜ አስቸገሩት። ይህን የምንጽፈው በኮረብታ ላይ ቤት ለመሥራት ለሚመኙ ሁሉ ነው፤ ከዕይታው በፊት ምንጩን መጠየቅ ያሻል።

አሁን ወደ ገበታው እንምጣ፤ የቤቱ ብልኀት ሁሉ የተከማቸው በዚያ ነው። በመመገቢያው ክፍል ካለው የእሳት ማንደጃ በግራና በቀኝ ትንንሽ መዝጊያዎች አሉ። መዝጊያው ሲከፈት በገመድና በመዘውር የምትሳብ ጠባብ ሣጥን ትታያለች፤ ከዚህ ባዶውን ጠርሙስ ወደ ታች ሲልኩት፥ በወይን ማኖሪያው ቤት የቆመ ሰው ሙሉውን ይተካበታል። በአንድ ወገን ደግሞ በመካከሉ ባለ ምሰሶ ላይ የሚዞር በር አለ፤ በጀርባው መደርደሪያዎች አሉት። ሳሕኑ በውጭ በኩል ይደረደርና በሩ ሲዞር ትኵስ ወጥ ከነሳሕኑ በእንግዶቹ ፊት ይገኛል፤ ያመጣው እጅ ግን አይታይም። በእንግዶቹም አጠገብ ተሽከርካሪ እግር ያላቸው ባለ መደርደሪያ ጠረጴዛዎች ይቆማሉ፤ እንግሊዞች «ዱዳ አሳላፊ» ይሏቸዋል።

ስሙ የዋዛ አይደለም። ጀፈርሰንን በቅርብ ታውቀው የነበረች ማርጋሬት ቤያርድ ስሚዝ የምትባል የዋሽንግተን ጸሓፊ እንደ ተወችልን ማስታወሻ ከሆነ፥ በገበታ ላይ የተነገረውን ቃል አሳላፊዎች አጣመው ወደ ውጭ ማውጣታቸው በቤትም በመንግሥትም ብዙ ጠብ እንደሚያስነሣ ጀፈርሰን ያምን ነበር። ስለዚህ የሚሰማ ጆሮ ያለውን አሳላፊ አርቆ፥ ጆሮ የሌለውን የእንጨት አሳላፊ አቀረበ። በግብር ላይ የተነገረ ነገር ሳይነጋ በከተማው ተሰምቶ ያዘነ ሰው ሁሉ የዚህን አሳብ ጥበብ ሳያስተውል አይቀርም። እኛ ግን ስለዚች የወይን ሣጥን ባሰብን ቍጥር የምንጠይቀው የገመዱ ሌላ ጫፍ በማን እጅ እንዳለ ነው። በብዙ ቤት ብልኀት የሚባለው ነገር ሥራውን አያጠፋውም፤ ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ። ሣጥኗ ጠርሙሱን ለእንግዳው አቀረበች፤ በብርዱና በጨለማው ምድር ቤት ቆሞ የሚጠብቀውን ሰው ግን አላሳረፈችውም።

በሞንቲቼሎ እንዲህ ተሰውረው ይሠሩ የነበሩት ባሮች ነበሩ። «ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ ተፈጥሯል» የሚለውን አሳብ ለዓለም የጻፈው ጀፈርሰን በዘመኑ ከ600 የሚበልጡ ሰዎችን በባርነት ይዞ ነበር፤ በሞንቲቼሎ ብቻ በአንድ ጊዜ 130 ያህል ይኖሩ ነበር። ማድ ቤቱን፥ የጢስ ሥጋ ቤቱን፥ የወተት ቤቱን፥ የበረዶ ጕድጓዱን ሁሉ በኮረብታው ጎን ውስጥ ከሰገነቶች በታች አሠርቶ ከዋናው ቤት ጋር በምድር ውስጥ መንገድ አገናኛቸው። ዝናብ ቢዘንብ ወጡ አይነካም፤ ከላይ በሰገነት የሚንሸራሸረውም እንግዳ የሥራ ቤቶቹን አያይም።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ጄምስ ሄሚንግስ ነው። ጀፈርሰን በ1784 የ19 ዓመት ወጣት ሳለ ወደ ፓሪስ ወሰደውና የፈረንሳይን ወጥ አሠራር እንዲማር አደረገ። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ጄምስ ነጻ እንዲወጣ ጠየቀ፤ ጀፈርሰንም ሌላ ሰው ሙያውን እስኪያስተምር ድረስ ነው ሲል በ1793 በጽሑፍ ተዋዋለው። ጄምስ ወንድሙን ፒተርን አስተምሮ በ1796 ነጻ ወጣ። ከመሄዱ በፊት የማድ ቤቱን ዕቃ ሁሉ በገዛ እጁ በዝርዝር ጻፈ፤ ያ ወረቀት ዛሬም ተጠብቆ ይገኛል። ብዙ የዕቃ መዝገብ በእጃችን አልፏል፤ መዝጋቢው የመዘገበውን ዕቃ ትቶ በነጻነት ለመሄድ የጻፈው ግን ሌላ አላጋጠመንም።

ከእርሱ በኋላ ኤዲት ፎሴት የምትባል ሴት በዋሽንግተን በፕሬዚዳንቱ ቤት ከፈረንሳዊው ወጥ ሠሪ ዘንድ ተምራ በ1809 የሞንቲቼሎ ወጥ ሠሪ ሆነች። በዚያን ጊዜ ለማድ ቤቱ ስምንት ዓይን ያለው የሸክላ ምድጃ ነበረው፤ ቁመቱ እስከ ወገብ ይደርሳል፥ በየዓይኑም ፍም እየተጨመረበት ሙቀቱ በየድስቱ ይለካል። እኛ በሞንቲቼሎ ካለው ብልኀት ሁሉ ከፍ አድርገን የምናየው ይህን ነው። የተሠራው ለፈረንሳይ ወጥ ተብሎ ቢሆንም፥ ወጥ ሠሪዋ ቀጥ ብላ ቆማ ትሠራለች፤ ከጕልቻ ፊት ጐንበስ ብላ በጢስ የምትቃጠለውን ሴት ያየ ሰው ልዩነቱን ያውቃል። አዲስ ቤት የሚያሠሩ መኳንንትና ወይዛዝርት ለእልፍኙ ሰዓትና ለአዳራሹ መስተዋት ከሚያወጡት ገንዘብ ጥቂቱን እስከ ወገብ ለሚደርስ ምድጃና ለጢስ መውጫ ቢያውሉት፥ በቤታቸው የሚውለውን ድካም በእውነት ይቀንሱታል። ስለዚያ ማድ ቤት ሌላም ነገር ተጽፏል። በሞንቲቼሎ ባሪያ የነበረው አይዛክ ግሬንጀር በ1847 በሰጠው ቃል፥ ጌታው ቍልፍና ቁልፍ ማስገቢያ ለመሥራት እጀ ብልኅ እንደ ነበረ አመስግኖ፥ ወደ ማድ ቤት ግን በዚያ ያለውን ሰዓት ለመሙላት ካልሆነ በቀር እንደማይገባ ተናግሯል።

የቤቱን ዕቃ በእጃቸው የሠሩትም እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ጆን ሄሚንግስ የሚባለው አናጢ ብዙውን የቤቱን ጥሩ እንጨት ሥራና ወንበሩን ሠራ፤ የኤዲት ባል ጆሴፍ ፎሴት ደግሞ ቀጥቃጭ ነበር። ከ1794 ጀምሮ በተቋቋመው የምስማር ቤት ከ10 እስከ 16 ዓመት የሆኑ ልጆች ይሠሩ ነበር፤ ጀፈርሰንም እያንዳንዱ ልጅ ከተቀበለው ብረት ስንት ምስማር እንዳወጣ በመዝገብ ይጽፍ ነበር። መለካት ይወድ ነበር ያልነው እንዲህ ነው።

ይሁን እንጂ የገዛ ወጪውን ለመለካት የሠራው መኪና አልነበረም። ሲገነባና ሲያፈርስ፥ መጽሐፍና የወይን ጠጅ ከባሕር ማዶ ሲያስመጣ፥ እንግዳም ሲያበላ ኖሮ፥ የነጻነት መግለጫው በወጣበት በ50ኛው ዓመት፥ ሐምሌ 4 ቀን 1826 ሲሞት 107,000 ዶላር ያህል ዕዳ ተወ። በኑዛዜው ነጻ ያወጣው አምስት ሰዎችን ብቻ ነው። ከእነርሱ አንዱ ቀጥቃጩ ጆሴፍ ፎሴት ነበር፤ መሣሪያውም ተሰጠው። ሚስቱ ኤዲትና ልጆቹ ግን በኑዛዜው ውስጥ አልነበሩም። በጥር 1827 የሞንቲቼሎ ከብትና የቤት ዕቃ ከ130 ያህል ሰዎች ጋር በዚያው በቤቱ ደጅ ለሐራጅ ወጣ። ጆሴፍ ፎሴት ነጻነቱ ሊጸናለት ጥቂት ወራት ሲቀሩት ቤተ ሰቡ ለየገዢው ሲከፋፈል አየ።

ቤቱ ከዚያ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ በ1923 አንድ የመታሰቢያ ማኅበር ገዛው፤ ዛሬ ማንኛውም ሰው ይጎበኘዋል። ከ1938 ጀምሮም ሥዕሉ በአሜሪካ 5 ሳንቲም ላይ ተቀርጿል። ታላቁ ሰዓት አሁንም ይሠራል። በቅርብ ዘመን ደግሞ ጎብኚዎች ጕልላቱንና እልፍኙን ብቻ ሳይሆን የምድር ውስጡን መንገድ፥ ማድ ቤቱንና የባሮቹን መኖሪያ እንዲያዩ ተደርጓል፤ በዚያ የሠሩትም ሰዎች ስማቸው ተነግሮ ይገለጻል።

ከጆሴፍና ከኤዲት ልጆች ፒተር የሚባለው በሐራጁ ጊዜ የ11 ዓመት ልጅ ነበር። በሞንቲቼሎ ማንበብ ጀምሮ ነበር፤ የገዛው ሰው ግን መጽሐፍ እንዳይዝ ከለከለው። አባቱ ነጻ ከሆነ በኋላ ኤዲትንና ከልጆቹ አንዳንዶቹን ለመዋጀት ቻለ፤ ፒተርን ግን በቶሎ ለማግኘት አልቻለም፤ ዘመዶቹ ገንዘብ አዋጥተው ያስለቀቁት ከ20 ዓመት በላይ ቈይቶ ነው። በሲንሲናቲ ከተማ ተቀመጠ፤ እንደ እናቱ በግብዣ አዘጋጅነት የታወቀ ሆነ፤ ኋላም የባፕቲስት ሰባኪ ሆኖ ማኅበረ ምእመናን አቆመ። በ1900 ዕድሜው ከ80 አልፎ ሳለ፥ ወዳጆቹ የመንገዱን ወጪ ችለውለት ሞንቲቼሎን ዳግመኛ ለማየት ሄደ።